ባዶ ያልሆነው ምድር፦ ጎግ፣ የጊሎ ወንዝና የሁለት ካምፖች ነገር

ስለ ጋምቤላ ሲነሣ አዲስ አበባ በምንኖር «የተማርን» ሰዎች አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ሦስት ቃላት ናቸው፦ ሙቀት፣ ስደተኛና ግጭት። አራተኛ ቃል ይጨመር ቢባል ምናልባት «ሰፋፊ እርሻ» ይሆናል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ የአገራችንን ድንበር ተሻግሮ በዚያ ክልል ሜዳዎች ላይ እንደሚግጥ የሚያውቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሴሬንጌቲን በቴሌቪዥን ያላየ የለም፤ ጎግ የት እንዳለች ግን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኛት ስንቱ ነው?

ለማስታወስ ያህል፦ እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ሱዳን ከአየር የተደረገ ቆጠራ፣ በጦርነቱ ዓመታት አልቀዋል ተብለው የተተዉት የዱር እንስሳት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነው መገኘታቸውን ለዓለም አበሠረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው አዲሱ ቆጠራ ደግሞ ቁጥሩን ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ አደረሰው። ከእነዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ናቸው። ሳርና ውኃ እየተከተለ የሚጓዘው ይህ ሠራዊት ፓስፖርት አያውቅም፤ ቦማንና ባዲንጊሎን ከጋምቤላ ጋር የሚያገናኘው የሜዳና የረግረግ ምድር ሁሉ አገሩ ነው። የመንጋው ከፊል በየዓመቱ ወደ እኛ ይሻገራል። በ1966 ዓ.ም የተመሠረተው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል የተከለለው ነጭ ጆሮ ቆርኬንና ናይል ሌችዌ የተባለውን የረግረግ አጋዘን፣ ከእነርሱም ጋር ዝሆኑን፣ ጎሹንና ቀጭኔውን ለመጠበቅ ነበር።

ከጊዜ ወደ ጊዜ ደግሞ «ይህ ሀብት ለምን አይጎበኝም?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ የተጀመሩት የቱሪዝም ፕሮጀክቶች፣ በጨበራ ጩርጩራ ፓርክ የተሠራው የዝሆን ዳና ሎጅም ጭምር፣ መንግሥት ዓይኑን ወደ ዱርና ወደ ወንዝ ዳር እንደመለሰ ያሳያሉ። ነገ ተራው የጋምቤላ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ስለዚህ በዚህች መጣጥፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ «ይጎብኝ ወይስ አይጎብኝ?» የሚለውን አይደለም። ጎብኚው በጊሎ ዳር ድንኳኑን ሲተክል የሚተክለው በማን መሬት ላይ ነው? በማን ፈቃድ? የሚከፍለውስ ለማን ነው? የጎግ ጉዳይ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ካምፕ ማለት ምን ማለት ነው?

ጎግ በአኝዋክ ዞን የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ዋና ከተማዋም ፑኝዶ። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ በአቦቦ በኩል ይኬዳል። በበጋ አቧራው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር መኪናን እንደ ዝንብ ይዞ ያስቀራል። ለሥራ በሄድኩበት በአንድ የበጋ ወቅት፣ በጊሎ ዳር ያገኘኋቸውን አንድ አረጋዊ «እዚህ አካባቢ ለመንገደኛ የሚሆን ካምፕ ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወደ ፑኝዶ ዘርግተው፣ «ካምፕማ ሞልቷል። ግን አንተ ስደተኛ አይደለህም» አሉኝ። እኔ ድንኳን የሚተከልበት፣ እሳት የሚነድበት የወንዝ ዳር ማረፊያ ማለቴ ነበር። በእርሳቸው አገር ግን ቃሉ የሚታወቀው በሌላ ትርጉም ነው።

እውነታቸውን ነው። በ1980 ዓ.ም አካባቢ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ፑኝዶ ደረሱ፤ ዓለም በኋላ «የጠፉት ልጆች» ብሎ የሰየማቸው ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ፈረሰ። ልጆቹ ወደመጡበት ሲሸሹ ጊሎ ሞልቶ ነበር፤ ብዙዎች ከኋላ በጥይት፣ ከፊት በውኃና በአዞ አለቁ። የዴቭ ኤገርስን «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» ያነበበ ፈረንጅ ጊሎን የሚያውቀው በዚህ ነው። ካምፑ በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተከፈተ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ ዳግም ሲፈነዳ ደግሞ ስደተኛው እንደ ጎርፍ ገባ። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 307,096 ሰው የነበረው ክልል ከራሱ ሕዝብ የሚስተካከል ስደተኛ ለመሸከም በቃ። ማገዶው፣ የሳር ክዳኑ፣ የአደን ሥጋው፣ የቤት ቋሚው የሚመጣው ከየት ነው? ከዚያው ከፓርኩና ከዳር ዳሩ ጫካ ነው።

ይህን የማነሣው ስደተኛውን ለመኮነን አይደለም። የተሰደደን ማስጠጋት ከማንም ያልተማርነው ምግባር ነው። ነገር ግን የዚህን ልግስና ዋጋ የከፈለው አዲስ አበባ ያለው ሹም ወይም ጄኔቫ ያለው ባለሙያ ሳይሆን የጎግ አኝዋክና የጎግ ዱር መሆኑን ማወቅ አለብን። የአንድን ድሃ ደጅ ለእንግዳ ከፍተን፣ በኋላ የዚያኑ ድሃ ጓሮ «ተፈጥሮው ተጎሳቁሏል» ብለን ልንከለክለው ብንነሣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ባዶ መሬት» የሚባል ተረት

የጋምቤላ መከራ በአንድ ሐረግ ይጠቃለል ቢባል ሐረጉ «ባዶ መሬት» ይሆናል። ከ2001 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ይህ ሐረግ የአገሪቱ ፖሊሲ ሆኖ ሠርቷል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ተሰጠው። ሳዑዲ ስታር በአቦቦ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ በተገደበው የአልዌሮ ግድብ አጠገብ፣ ለሩዝ 10,000 ሄክታር ወሰደ። በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የመንደር ምሥረታ ፕሮግራም በበኩሉ በሦስት ዓመት ውስጥ 45,000 አባወራዎችን ለማስፈር አቀደ። መንግሥት «ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማቅረብ ነው፤ ከእርሻው ጋር ግንኙነት የለውም» አለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2004 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት ብዙዎች ያለፈቃዳቸው እንደተነሡ ገለጸ። ውጤቱስ? ካሩቱሪ ከወሰደው መሬት እጅግ ጥቂቱን ብቻ አልምቶ፣ በቆሎውን አንዴ ለባሮ ጎርፍ ገብሮ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ውሉ ተሰረዘበት። ጫካው ተመንጥሮ ቀረ፤ እህሉም አልመጣም።

ለመሆኑ መሬቱ ባዶ ነበርን? አልነበረም። አኝዋክ የወንዝ ዳር ገበሬ ነው። በቆላው የገንዲ በሽታ ምክንያት በጎግና በአቦቦ ከብት እምብዛም አያረባም፤ ኑሮው ማሽላና በቆሎ፣ ዓሣ፣ ማርና የጫካ ፍሬ ነው። ጎርፉ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ ይዘራል። የራቀውን መሬት ጥቂት ዓመታት አርሶ ያሳድረዋል፤ ጫካው ሲያገግም ይመለስበታል። ያደረ መሬት ለቢሮ ካርታ ሠሪ «ባዶ» ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን ጎተራ ነው። በጎጃም ወይም በሸዋ ገበሬ ያሳደረውን ማሳ «ጠፍ ነው» ብለን ለሌላ ብንሰጥ ምን እንደሚከተል ማንም ያውቀዋል። በጋምቤላ ሲሆን ግን «ልማት» ተባለ።

ወደ ጎብኚው ልመለስ። የቱሪዝም ማስታወቂያችን በጣም የሚወዳት አንዲት ሐረግ አለች፦ «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ»። ውድ አንባቢ ልብ ብሎ ቢያያት፣ ይህች ሐረግ የ«ባዶ መሬት» መንታ እህት ናት። አንዷ ትራክተር ታስገባለች፤ ሌላዋ ድንኳን። ሁለቱም ግን ነዋሪውን ከሥዕሉ ውስጥ ይፍቁታል። የጊሎ ዳር ዛፍ የቆመው ሰው ስላልነካው አይደለም። የነካው ሰው እንዴት እንደሚነካው ስለሚያውቅ ነው። ቆርኬውስ ቢሆን ከአኝዋክ አዳኝ ጋር ስንት ትውልድ አብሮ ኖሯል? መንጋውን ያሳሳው ጦር እየያዘ ለቤቱ ሥጋ የሚያድነው ሰው ሳይሆን፣ የሁለት አገር ጦርነቶች ያፈሰሱት አውቶማቲክ መሣሪያ፣ የንግድ አደንና የሰፋፊ እርሻ ምንጣሮ ነው።

ፓርኩ ራሱ የዚህ ሁሉ ሰለባ ነው። በተመሠረተበት ጊዜ ወደ 5,061 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ወሰኑ በሕግ ሳይደነገግ በወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። በዚህ መሐል የስደተኛ ካምፕ፣ የሰፈራ መንደር፣ የጥጥና የሩዝ እርሻ ከየአቅጣጫው ገፉት። በኋላ ወሰኑ ተከልሶ 4,575 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ የፓርኩ ወሰን የት እንደሚጀምር በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ በእርግጠኝነት ሳያውቅ ስንት ዓመት መቆየቱ ነው። የማይታወቅን ድንበር ማን ያከብራል?

ከአላስካ እስከ መንዝ

«ታዲያ ምን ይሻላል? ሰውም ዱርም በአንድ ላይ እንዴት ይሆናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ።

የሩቁ አላስካ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫፍ፣ በአርክቲክ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ፣ ፖርኩፓይን የሚባለው የካሪቡ መንጋ በየዓመቱ በአሜሪካና በካናዳ መካከል እየተሻገረ ይኖራል፤ ልክ እንደ እኛ ቆርኬ። ሁለቱ መንግሥታት ይህን መንጋ በጋራ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ስምምነት ፈርመዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአላስካ የመሬት ሕግ ደግሞ እጅግ ሰፊ ምድር ሲከልል አንድ ብልህ ነገር አደረገ፦ የገጠር ነዋሪው ለኑሮው ማደኑንና ማስገሩን እንዲቀጥል ፈቀደ። እንስሳው ቢያንስና መገደብ ቢያስፈልግ እንኳ ቅድሚያው ከስፖርት አዳኙ በፊት ለነዋሪው ነው። በየመጠለያዎቹና በየወንዙ ዳር ያሉት ብዙዎቹ የሕዝብ ካምፕ ሥፍራዎችም ቅንጦት የለባቸውም፦ ደልዳላ መሬት፣ የእሳት ቦታ፣ ጠረጴዛና መጸዳጃ። አላስካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ በመጠለያው ሥር ስላለው ነዳጅ የሚደረገው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም። ግን በዚያ ሙግት ውስጥ ለካሪቡ ከሚሟገቱት ግንባር ቀደሞቹ በካሪቡ የሚኖሩት የጉዊቺን ሕዝቦች ናቸው። ዱሩን የሚጠብቀው በዱሩ የሚኖረው ነው።

የቅርቡ ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ያለው ጓሳ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን የደጋ ሳር ምድር ባላገሩ «ቄሮ» በሚባል ጥንታዊ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል፤ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ራሱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም፣ ጥበቃው በማኅበረሰብ መልክ አንሠራርቷል። ዛሬ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ሊያይ የሚሄድ ጎብኚ ድንኳኑን የሚተክለው በማኅበረሰቡ ሥፍራ ነው፤ መሪውም፣ በቅሎውም፣ ጠባቂውም የመንዝ ሰው ነው።

በአንጻሩ የነጭ ሳርን ታሪክ እናስታውስ። ፓርኩን ለአንድ የውጭ ድርጅት አስተዳደር ለማስረከብ ሲባል በ1996 እና በ1997 ዓ.ም ነዋሪዎችን የማስወጣት ሥራ ተሠራ፤ የጉጂዎች ጎጆዎችም ተቃጠሉ። ድርጅቱ ራሱ በ2000 ዓ.ም ጥሎ ወጣ። ሰዎቹም ተመለሱ፤ ቂሙም አብሮ። ከዚህ በላይ ትምህርት ከየት ይምጣ?

ስለ ጸጥታ ሳይነሣ ስለ ጉብኝት አይወራ

«ጥይት በሚጮህበት አገር ስለ ካምፕ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ለሚለው መቃወሚያ ክብር አለኝ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም በጋምቤላ ከተማ በተጀመረው ጭፍጨፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋኮች ተገድለዋል፤ ያ ቁስል በቅጡ ሳይታጠብ ተሸፍኗል። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል። በጎግና በጆር ያለው ነዋሪም የዚህን ዓይነቱን ወረራ ስጋት በየዓመቱ ያውቀዋል።

ታዲያ ምላሼ ይህ ነው፦ ለጎብኚው የሚያስፈልገው ሰላም ከነዋሪው ሰላም የተለየ አይደለም። መሆንም የለበትም። አንድ ሎጅ በወታደር ተከብቦ በውስጡ ፈረንጅ ቢተኛ፣ በስተውጭ ያለችው እናት ግን ልጇን አቅፋ ሳትተኛ ብታድር፣ ያ ሰላም ሳይሆን አጥር ነው። መንገዱ፣ የስልክ ኔትወርኩ፣ የወባ መድኃኒቱ፣ ድንበር ጠባቂው መጀመሪያ ለጎግ ሰው ይምጣ። ጎብኚው ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል። ለኢትዮጵያዊ መንደር ያልበቃ ጸጥታ ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ አይበቃም።

ምን ይደረግ?

እንደ አንድ ዜጋ የሚታየኝን በአራት ነጥቦች አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ድንበሩ ይታወቅ። የፓርኩ ወሰን በሕግ ይጽና፤ ካርታውም በአዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በፑኝዶ፣ በአቦቦ፣ በጆርና በኢታንግ አደባባይ፣ በአማርኛ፣ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ ይለጠፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩን ከይዞታው ከመነቀል ይጠብቀዋል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እነዚህ አንቀጾች ለጌጥ አልተጻፉም።

ሁለተኛ፣ የነዋሪው የኑሮ መብት በግልጽ ይደንገግ። ዓሣ ማስገር፣ ቀፎ መስቀል፣ ደለል ላይ መዝራት፣ የክዳን ሳር ማጨድ የት፣ መቼና በምን መጠን እንደሚፈቀድ ከነዋሪው ጋር ተመክሮ ይጻፍ። በውሉ የተስማማ ሰው ውሉን ይጠብቃል። ያልተጠየቀ ሰው ግን ሌሊት ይገባል፤ ሌሊት የገባውንም ስካውቱ ይተኩስበታል። ከዚያ ወዲያ ፓርኩ የጦር ሜዳ እንጂ መጠለያ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ካምፑ ትንሽ ይሁን፤ የባለቤቱም ይሁን። ጊሎ ዳር ባለ ብዙ ክፍል ሎጅ አያስፈልገውም። ከጎርፍ መስመር በላይ የጸዳ ሜዳ፣ ጥላ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ የእሳት ቦታና የጥበቃ ጎጆ ይበቃል። አስተዳዳሪው የቀበሌው ማኅበር ይሁን። ታንኳ የሚቀዝፈው፣ ዓሣ የሚጠብሰው፣ በታታ ሐይቅና በረግረጉ የሚመራው የአካባቢው ወጣት ይሁን። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ስድስት ወር የሚዘጋ ሕንፃ ኪሣራ ነው። ወጪው ትንሽ የሆነ ካምፕ ግን ጥቂት እንግዳ ቢያድርበትም አይከስርም።

አራተኛ፣ ከደቡብ ሱዳን ጋር ያለው ትብብር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይታይ። በቦማና በባዲንጊሎ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከጁባ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ይሠራል። መንጋው እዚያ ተጠብቆ እዚህ ከታረደ፣ ወይም እዚህ ተጠብቆ እዚያ ከታረደ፣ የሁለቱም ድካም ከንቱ ነው። ሕፃን የሚሰርቀውን ታጣቂና ቆርኬ የሚፈጀውን ነጋዴ የሚያሻግረው ድንበር አንድ ነው፤ ጥበቃውም አንድ ሊሆን ይችላል።

ታሪክም ይመስክር። በግንቦት 1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተሰጠ። የጋምቤላ ወደብ ከዚያ ተወለደ፤ ውኃው በሚሞላበት ወቅት ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡናም በዚያው ወጣ። ሱዳን ነፃ እስክትወጣ ድረስ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ በወንዙ ላይ ሀብት ተመላለሰ። ኦፔኖ ብሎ ወንዙን በስሙ የሚጠራው አኝዋክ ከዚያ ሀብት ምን ደረሰው? ቀጥሎ ጥጥ መጣ፤ ቀጥሎ ሩዝና በቆሎ መጣ። በእያንዳንዱ ዘመን የክልሉ ሀብት በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ፤ ነዋሪው ግን ተመልካች ሆኖ ቀረ። አሁን ተራው የቱሪዝም ከሆነ፣ አኝዋኩ ለአራተኛ ጊዜ በገዛ ወንዙ ዳር ቆሞ የሌላ ሰው ጀልባ ሲያልፍ የሚያይ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ጋምቤላን ልትጎበኙ የምታስቡ ወገኖች፣ ሂዱ። በበጋ ሂዱ፤ የጸጥታውን ሁኔታ ከወረዳውና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ሂዱ፤ አጎበርም አትርሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ከአእምሯችሁ አውጡ፦ ባዶ ምድር ልታዩ አይደለም የምትሄዱት። የሰው አገር ልታዩ ነው። በሰው ደጅ ደግሞ «ቤቶች!» ተብሎ ይገባል እንጂ ዘው አይባልም።

ቸር እንሰንብት።